229,700 ብር ዕዳ ይዘን አዲስ ሶፋ ያምረናል፤ ከየትኛው እንጀምር?

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ በግል ድርጅት ተቀጣሪ ነው፤ ያልተጣራ ደመወዙ 18,000 ነው። እኔ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ዕዳችንን ሰብስቤ ስጽፈው እንዲህ ሆነ፦

- የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ በባለቤቴ ስም፦ ቀሪው 140,000። ከደመወዙ በወር 4,200 ይቆረጣል።
- አራጣ፣ ከግለሰብ፦ 60,000። በወር 5 በመቶ፣ ማለትም 3,000 ብር ወለድ ብቻ እንከፍላለን፤ ዋናው እንዳለ ነው።
- ዕቁብ፦ በልተነዋል። በየሳምንቱ ሰኞ 500፣ 30 ሳምንት ቀርቶታል፤ 15,000።
- የሱቁ ዱቤ፣ ከጅምላ ነጋዴ፦ 8,700።
- የስልክ ብድር (በሞባይል የምንበደረው ገንዘብ)፦ 6,000። በየወሩ ከፍለን በዚያው ቀን መልሰን እንወስዳለን፤ በየጊዜው 540 ይቆረጣል።

እጃችን የሚገባው የእሱ 8,290፣ የሱቁ ትርፍ ደግሞ በአማካይ 9,500 ነው። ኪራይ 4,500፣ ቀለብና ትራንስፖርት 7,000፣ ዕድር 100። ዕቁቡና ወለዶቹ ሲከፈሉ 650 ብር ገደማ ይተርፋል፤ አምስት ሰኞ ባለው ወር ያውም አብዛኛው ዕቁብ ላይ ያልቃል።

ፍላጎታችን ግን አልቀነሰም። የሳሎኑ ሶፋ ጎድጉዷል፤ አዲስ ባለ ኤል ቅርጽ 85,000 ተባልን። ባለቤቴ ስልክ መቀየር ይፈልጋል። ጥር ላይ የእህቴ ሠርግ ስላለ ጥልፍ ቀሚስ አምሮኛል። ሁሉንም ትተን ዕዳ ብቻ እንክፈል? ከየትኛውስ እንጀምር? ሁለተኛ ዕቁብ ገብተን አራጣውን ብንዘጋስ?

መልስ 1 (የብድር ባለሙያ፣ ባሕር ዳር)

እህቴ፣ ሒሳቡን በዚህ መልክ ማስቀመጥሽ ግማሹን ሥራ ጨርሷል። ትልቁ ዕዳ የማኅበሩ ይመስላል፤ የሚያደማችሁ ግን አራጣው ነው። በዚህ አያያዝ በሦስት ዓመት 108,000 ብር ወለድ ትከፍላላችሁ፤ 60,000ውም ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

ያንኑ 60,000 ብር ከማኅበር ወይም ከማይክሮፋይናንስ በ18 በመቶ፣ በ36 ወር ብታገኙ፣ ወለዱም በቀሪው ዕዳ ላይ ቢታሰብ፣ ወርኃዊ ክፍያው 2,169 ብር ነው። አሁን ለወለድ ብቻ ከምትሰጡት በ831 ያንሳል፤ በሦስት ዓመትም ዋናው ራሱ ያልቃል። ስትጠይቁ «ወለዱ ስንት ነው» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። በመጀመሪያው ብድር ላይ እስከ መጨረሻ የሚታሰብ ከሆነ በዚያው 18 በመቶ ወርኃዊው 2,567 ይሆናል። ከመፈረማችሁ በፊት የክፍያውን ሰንጠረዥ አሳትማችሁ፣ የወለዱ ዓምድ በየወሩ እየቀነሰ መሄዱን በዓይናችሁ እዩ።

እዚህ ላይ ሁለት መሰናክል አለ። አንደኛው የደመወዝ ተቆራጭ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። የ18,000 አንድ ሦስተኛ 6,000 ነው። 4,200 ተይዟል፤ የቀረው 1,800 ስለሆነ 2,169 አይገባም። የጎደለውን 369 ብር በየወሩ ከሱቁ በባንክ ማስገባት ትችላላችሁ፣ ማኅበሩ ከተስማማ። ሁለተኛው፣ ማኅበራት አብዛኛውን ጊዜ የሚያበድሩት የቁጠባን 3 ወይም 4 እጥፍ ነው፤ የባለቤትሽ ቁጠባ በ140,000ው ተይዞ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ አንቺ በራስሽ ስም አባል ሁኚ። ብዙዎቹ ለመበደር የጥቂት ወራት ቁጠባ ስለሚጠይቁ ጊዜ ሳታባክኚ መተዳደሪያ ደንቡን ጠይቂ።

እስከዚያው አበዳሪውን ባዶ እጃችሁን አታናግሩት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች መካከል በሚደረግ የብድር ውል በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋል አይቻልም፤ የወለዱ መጠን በጽሑፍ ካልሰፈረ ደግሞ የሚታሰበው 9 በመቶ ነው። የ60,000 ብር 12 በመቶ በዓመት 7,200 ነው፤ እናንተ 36,000 እየከፈላችሁ ነው። ይህን ሁለታችሁም የምታከብሯቸው ሽማግሌዎች ይዘው ይሂዱና ወለዱ ቆሞ ዋናው በየወሩ እንዲቀነስ ይጠይቁ። የክስ ዛቻ አይቅደም፤ ብዙው በሽምግልና ያልቃል።

ወረቀቱን ግን አሁኑኑ አንብቡት። አራጣ አበዳሪ ወለዱን ከዋናው ጋር ደምሮ ያጽፋል፤ 60,000 ተቀብለው 80,000 ተቀበልኩ ብለው የሚፈርሙ አሉ። ክፍያው ሁሉ በባንክ ይግባ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የብድር ክፍያ» ብላችሁ ጻፉ። በእጅ ከሰጣችሁ ደረሰኝ አስፈርሙ። በመያዣነት የተፈረመ ቼክ ሰጥታችሁ ከሆነ ስንቅ የሌለው (በሒሳቡ በቂ ገንዘብ የሌለበት) ቼክ በወንጀል ስለሚያስጠይቅ፣ በድርድሩ መጀመሪያ የምትጠይቁት የቼኩን መመለስ ይሁን። የመጨረሻዋን ብር ስትከፍሉም ዋናው ውል እጃችሁ ሳይገባ አትነሱ።

መልስ 2 (ሒሳብ ሠራተኛ፣ ፍኖተ ሰላም)

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አንድ ነገር አለኝ። በ6,000 ብር ላይ በወር 540 ማለት 9 በመቶ ነው። ከአራጣው 5 በመቶ ይበልጣል! መጠኑ ትንሽ ስለሆነና ማንም በር ስለማያንኳኳ ነው የማይታየው።

በአንዴ መዝጋት ካልቻላችሁ በየወሩ መልሳችሁ የምትወስዱትን በ1,000 ቀንሱ፦ 5,000፣ 4,000፣ 3,000 እያለ በስድስተኛው ወር ያልቃል። ተቆራጩም አብሮ ይወርዳል። አገልግሎቱ የሚፈቅድላችሁ መጠን ከፍ ሲል መልእክት ይልካል፤ ያን መልእክት እንደ ገቢ አትቁጠሩት።

መልስ 3 (ነጋዴ፣ ቡሬ)

እህቴ፣ ስለ ፍላጎቱ ልናገር፤ ሌሎቹ ዘለሉት። ለአምሮት የሚሆን ምንም ሳይመድብ ዕዳ እከፍላለሁ የሚል ቤት በሦስተኛው ወር በዱቤ ሶፋ ይገዛል። ስለዚህ ትንሽም ብትሆን መድቡላት። አራጣው ወደ ማኅበር ከዞረ 831 ይተርፋል፤ በ650ው ላይ ሲደመር 1,481። ከዚህ 1,000 ለስልኩ ብድር፣ 300 ለአምሮት፣ የቀረው አምስት ሰኞ ላለው ወር። የአምሮቱ ብር በሌላ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ከዚያ የሚወጣው በጥሬ ብር ለሚገዛ ነገር ብቻ ነው።

አሁን ሶፋው። ጎድጉዷል ማለት አልቋል ማለት አይደለም። ገልብጣችሁ የታችኛውን ጨርቅ ቅደዱና እንጨቱን እዩ፦ መጋጠሚያው ካልተንቀሳቀሰ፣ ነቀዝ ካልበላው፣ የተጎዳው ስፖንጁና የተወጠረው ቀበቶ ብቻ ነው። የሚበቃውን ጨርቅ አልባሹን አስለኪ። ጨርቁንና ስፖንጁን ራስሽ ገዝተሽ ለአልባሹ የእጅ ዋጋ ብቻ ክፈይ። ለመቀመጫው ጠጣር ስፖንጅ ምረጪ፦ በመዳፍሽ ስትጫኝው ቶሎ የሚመለሰውን። ለስላሳው ሱቅ ውስጥ ይመቻል፤ በዓመት ውስጥ ግን መልሶ ይጎደጉዳል። አዲስ ማሠራት የግድ ከሆነም ያልደረቀ ባሕር ዛፍ እንዳይገባበት ተጠንቀቂ፤ ሲደርቅ ይጣመምና ምስማሩን ይለቃል።

ስልኩን በተመለከተ፣ ብር በገበያ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ሌላ ነው። ባትሪና ስክሪን ማስቀየር ከአዲስ ስልክ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም።

ሠርጉ ጥር ላይ መሆኑ ለእናንተ ጥሩ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ አዲሱ ጤፍ ስለሚገባ ዋጋው ከክረምቱ ይረክሳል። ለእህትሽ የምትሰጪውን በብር ሳይሆን በጤፍ ቁረጪውና አሁኑኑ ንገሪያት፤ በድግሱ ሳምንት የሚጠየቅ ብር ነው ሰውን ወደ አራጣ የሚሰደው። ጌሾ መውቀጡን፣ ጠላ መጥመቁን፣ ወጡን በጉልበትሽ ያዢላት። ቀሚሱን ከዘመድ ተዋሺ፣ ወይም ነባሩን ነጠላ አዲስ ጥበብ አስደርጊበት።

አንድ ሌላ ነገር፦ ከሱቁ ወደ ቤት የሚነሳው ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና ይጻፋል? ካልተጻፈ 9,500 ያልሽው ትርፍ አይታመንም። በመሸጫ ዋጋ መዝግቢው፣ ማታ ከቀለቡ ብር ወደ ሳጥኑ መልሺ። የጅምላ ነጋዴው 8,700 ወለድ ባይኖረውም አታስረዝሚው። በሰዓቱ የማይከፍል ሰው ዕቃ ሲወደድ በአሮጌው ዋጋ አይሰጠውም።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የስልኩን ብድር እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር። የሁለተኛውን ዕቁብ ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም።

መልስ 1

አሁን አትግቡ። 60,000 የሚወጣበት 60 ሰው ያለው ዕቁብ በሳምንት 1,000፣ በወር ከ4,000 እስከ 5,000 ይጠይቃል። አራጣው ሲዘጋ የሚለቀቀው 3,000 ብቻ ነው። ዕጣው መቼ እንደሚወጣም አይታወቅም፤ አርባኛው ሳምንት ላይ ቢወጣ እስከዚያ ሁለቱንም ትከፍላላችሁ። ዕጣ ከሌላ ሰው መግዛት ይቻላል፤ ለዚያ የምትጨምሩት ግን ያው ወለድ ነው። ለወሰዳችሁት ደግሞ ዋስ ትጠራላችሁ፤ ብትዘገዩ ዳኛው የሚይዘው ዋሱን ነው።

የአሁኑን ዕቁብ አንድም ሳምንት ሳታጓድሉ ጨርሱ፤ ወለድ ስለሌለው ቀድማችሁ መክፈልም አያስፈልግም። ከ30 ሳምንት በኋላ በወር 2,000 ይለቀቃል። ከእሱ 1,500 ለጅምላ ነጋዴው ስጡ፤ በስድስት ወር ይዘጋል። 500ውን በአምሮቱ 300 ላይ ጨምሩና ለሶፋው ጨርቅ አስቀምጡ። ከዚያ ዕቁብ ካማራችሁ ዝቅተኛውን ምረጡ፤ ከመጀመሪያው ሰኞ በፊትም የሁለት ወር መዋጮ በእጃችሁ ይኑር።