ከጉልበት ጅማት ቀዶ ሕክምና በኋላ ሩጫና ስግደት መቼ ይጀመራል?

ጥያቄ (ከአዘዞ፣ ጎንደር)፦
ጤና ይስጥልኝ። ኳስ ስጫወት የተበጠሰው የጉልበቴ የፊት መስቀለኛ ጅማት ከኋላ ጭኔ በተወሰደ ጅማት ከተተካ ሁለት ወር ሆኖታል። ሕመሙም እብጠቱም ስለጠፋ ሩጫ ለመጀመር አስቤያለሁ፤ ይሁን እንጂ ጭኔ ከሌላው በግልጽ ቀጥኗል። የትኛውን እንቅስቃሴ ላስቀድም? ቤተ ክርስቲያን ስሳለምስ መስገድ እችላለሁን?

መልስ (የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ)፦
እግዚአብሔር ይማርዎ። ሕመሙ ጠፋ ማለት ጅማቱ ጠነከረ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም አዲሱ ጅማት በመጀመሪያዎቹ ወራት ደም ሥር እያበጀ ራሱን ሲለውጥ ከተተከለበት ቀን ይልቅ የሚደክምበት ጊዜ ስላለ፣ ብዙ ታካሚ ድኛለሁ ብሎ የሚዘናጋው በዚሁ ወቅት ነው። ሩጫውን ለጊዜው ያቆዩት።

አስቀድመው ጉልበትዎ እንደ ጤነኛው ሙሉ በሙሉ መዘርጋቱን ያረጋግጡ፤ ካልተዘረጋ ያነክሳሉ፣ የፊት ጭን ጡንቻም በአግባቡ አይሠራም። የቀጠነው በዋናነት ይህ ጡንቻ ነው። እግርን ዘርግቶ ጡንቻውን ማጥበቅ፣ ጀርባን በግድግዳ አስደግፎ በከፊል ዝቅ ማለት፣ ዝቅ ያለ ደረጃ ወጥቶ በዝግታ መውረድና የቆመ ብስክሌት መንዳት ይጠቅማሉ። ጅማቱ የተወሰደው ከኋላ ጭን ስለሆነ ተረከዝን በክብደት ወደ መቀመጫ መሳብ የሚጀመርበትን ጊዜ ሐኪምዎ ይወስን። በማግሥቱ ጉልበቱ ካበጠ ሥራው በዝቷልና ይቀንሱ።

መልስ (ከማራኪ፣ ጎንደር)፦
እኔም ይህን ቀዶ ሕክምና አድርጌአለሁ። በጎንደር መንገድ የሚፈትነው ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ነው፤ ሲወርዱ የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት መግታት አለበትና። ስለዚህ ወደ ጎሃ ኮረብታ በእግር ለመውጣት ሲያስቡ መመለሻውንም ያስቡ። ወጌሻ ዘንድ ሄደው ግን ጉልበትዎን እንዳያሳሹ አደራ።

ስግደቱን በተመለከተ፣ ወድቆ መነሣቱ ጉልበትን አጥብቆ ስለሚያጥፍና ስለሚጫን፣ ለንስሐ አባትዎ ነግረው ለጊዜው በአድንኖ፣ ራስን ዝቅ በማድረግ ቢወሰኑ ይሻላል።

መልስ (የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ)፦
በዚህ እስማማለሁ። ኳስን በተመለከተ ቢያንስ 9 ወር ይጠብቁ፤ ቀኑ መድረሱም ብቻውን አይበቃም። የጭኑ ጥንካሬና በአንድ እግር የሚዘለለው ርቀት ከጤነኛው እግር ቢያንስ 90 በመቶ መድረሱ ተለክቶ መታወቅ አለበት።