ክርክር፦ የድሮው ማደያ ነው የናፈቃችሁ ወይስ ነዳጁ?

የሂርማታ ልጅ፦ ከአዲስ አበባ ጅማ የመጣው እንግዳ የለጠፈውን አያችሁት? ወልቂጤ አካባቢ የቆመ አሮጌ ማደያ ፎቶ አንስቶ «ድሮ ማደያ ላይ ሰው ይቀበልህ ነበር፣ ዛሬ ስልክ ነው የሚቀበልህ» ይላል። በጣም አናደደኝ። እኛ ቤንዚን አጥተን ወረፋ ላይ እናድራለን፣ እሱ ለዛገ ቆርቆሮ ያለቅሳል።

ባለ አይሱዙ፦ ምኑ አናደደህ? እውነቱን ነው። ጊቤን ወርደህ ወደ አበልቲ አቀበቱን ስትወጣ ሞተሩ ይግላል። የድሮ ቀጂ ሳትጠይቀው ውሃ ይዞ ይመጣል። ዘይት ያያል፣ ጎማ ይነፋል፣ መስታወት ይጠርጋል። መብራት ከጠፋ ፓምፑን በእጁ እያሽከረከረ ይቀዳልሃል። ዛሬ ኔትወርክ ከሄደ አለቀ፣ ቁጭ ብለህ መጠበቅ ነው።

የሂርማታ ልጅ፦ «ሰው ይቀበልህ ነበር» ስትሉ የምትቆጥሩት ማንን ነው? መኪና ያለውን። እናቴ ለላምባ ጀሪካን ይዛ ፀሐይ ላይ ስትቆም ማን ውሃ ይዞ መጣላት? ማን ተቀበላት?

ጎሚስታው፦ ወንድሜ፣ የእናትህ ወረፋ እውነት ነው። ግን ማደያ ማለት ፓምፕ ብቻ አልነበረም። ግቢው ውስጥ ጎሚስታ አለ፣ እጥበት አለ፣ ሻይ ቤት አለ። እኔ ሙያዬን የተማርኩት እዚያ ነው። ብዙ ረዳት መሪ የጨበጠው እዚያ ግቢ ውስጥ መኪና ሲያስጠጋ ነው። አንድ ማደያ ሲዘጋ ስንት እንጀራ አብሮ እንደሚዘጋ አስቡት።

የታሪክ መምህር፦ የትኛውን ድሮ ነው የምታወሩት? በየካቲት 1966 የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር ታክሲዎች ሥራ አቆሙ። አብዮቱን ካቀጣጠሉት ነገሮች አንዱ ያ ነው። በደርግ ጊዜ ደግሞ ቤንዚን በኩፖን ነበር። ኩፖን የሌለውን ማንም አልተቀበለውም።

ባለ አይሱዙ፦ መምህር፣ እርስዎ ስለ መንግሥት ያወራሉ፣ እኔ ስለ ቀጂው ነው የማወራው። ኩፖኑን ቀጂው አላወጣውም።

ባለ ባጃጅ፦ ቀጂውን ተዉት ባካችሁ! ማደያው «ቤንዚን የለም» ይላል። ዞር ስትል መንገድ ዳር በሃይላንድ ሞልቶ ይሸጣል። ከሰማይ ወረደ?

ጎሚስታው፦ ሁሉንም ቀጂ ሌባ አታድርግ። ነዳጁ ከጅቡቲ በቦቴ ነው የሚመጣው። እስኪደርስ ስንት እጅ ያልፋል፣ ስም የሚጠፋው ግን ፓምፕ ይዞ የቆመው ደመወዝተኛ ነው።

ባለ ባጃጅ፦ ሌባ አላልኩም። ከየት መጣ ነው ያልኩት። መልስልኝ።

ኪቶ፦ ወደ ፎቶው እንመለስ። አስመራ ያለው ፊያት ታሊዬሮ ምንድን ነው? ማደያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 የተሠራ፣ ሁለት የአውሮፕላን ክንፍ የመሰለ ኮንክሪት የዘረጋ ማደያ። እያንዳንዱ ክንፍ 15 ሜትር ያህል ነው፣ ከሥር ምሰሶ የለውም። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ ስትመዘገብ እሱ ከመለያዎቿ አንዱ ነበር። እኛ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ላይ ያለውን የጣሊያን ቤት እንኳ በወጉ አልመዘገብንም። ማደያውንማ ማን ያስታውሰዋል?

የሂርማታ ልጅ፦ እህቴ፣ አስመራን ከወልቂጤ ቆርቆሮ ጋር?

ኪቶ፦ አዎ፣ ቆርቆሮውም ታሪክ ነው። የነዳጅ ኩባንያዎቹ ምልክቶች፦ የአጂፕ ባለ ስድስት እግር ውሻ፣ የሼል ዛጎል፣ የሞቢል። ሾፌሩ መንገዱን የሚያውቀው በእነሱ ነበር። ሼል ወጥቶ የሊቢያው ኩባንያ ኦይል ሊቢያ ገባ፣ ሞቢልን ቶታል ወሰደው፣ ቀለሙ ሁሉ ተቀባ። ፎቶ ያነሳው ሰው ምን አጠፋ?

የሂርማታ ልጅ፦ ያጠፋውማ እኛን ማየት አለመቻሉ ነው። በዚህ መንገድ ሲያልፍ ቆርቆሮውን አየ። ጀሪካን ይዞ የተኮለኮለውን ሰው ግን አላየም። «ሰው ይቀበልህ ነበር» የሚለው ሰው፣ ሰው አላየም!

የታሪክ መምህር፦ ለስልኩም ፍረዱለት እንጂ። ከግንቦት 2015 ወዲህ ክፍያው በሞባይል ነው። ቢያንስ «ዝርዝር የለኝም» ቀርቷል።

ባለ አይሱዙ፦ ሰኮሩ ላይ ኔትወርክ ጠፍቶ ይቁሙና እንነጋገራለን።

ኪቶ፦ ለማንኛውም ዘመኑ እየሄደ ነው። በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከታገደ ቆይቷል፣ ከ2016 ጀምሮ። ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው እዚሁ አጠገባችን ነው። አሮጌዎቹን ማደያዎች ቻርጅ ማድረጊያ እናድርጋቸው። ሻይ ቤቱም ጎሚስታውም ይመለሳል።

ባለ አይሱዙ፦ ቡና የጫነ አይሱዙ በባትሪ ጊቤን ሲወጣ ያየ ይንገረኝ።

ኪቶ፦ ያላየኸው ሁሉ አይሆንም ማለት ነው?

ጎሚስታው፦ ይሁን፣ ግን እስኪሞላ ስንት ሰዓት ይቆማል? የሾፌሩን አበል ማን ይከፍላል?

ባለ ባጃጅ፦ እኔ እስካሁን መልስ አላገኘሁም። ሃይላንዱ ከየት ይቀዳል? ደግሞ ነገ ጠዋት ቦቴ የሚገባው የትኛው ማደያ እንደሆነ የሰማ ካለ ይጻፍ።