ስፓኒሽ የምትችሉ፣ «ከሁሉም የሚበልጥ» ማለት ላይ ተቸግሬአለሁ

ሰላም ወገኖች። ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ቱሪስት አስጎበኛለሁ። ስፓኒሽ የምማረው በግሌ ነው።

መሠረቱ ገብቶኛል። መጀመሪያ መስተአምሩ «ኤል» (ለወንድ) ወይም «ላ» (ለሴት)፣ ቀጥሎ ስሙ፣ ከዚያ «ማስ» (ይበልጥ) እና ቅጽሉ። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀውን ባለ 209 ሜትር የንግድ ባንክ ሕንፃ «ኤል ኤዲፊሲዮ ማስ አልቶ ዴ ኤቲዮፒያ» (የኢትዮጵያ ረጅሙ ሕንፃ) እላለሁ። እዚህ ላይ «ኤን» (ውስጥ) ሳይሆን «ዴ» (የ) መግባቱንም ለምጄዋለሁ።

ችግሩ ያለው ከዚህ የሚያፈነግጡት ላይ ነው። «ኤል ሜሆር ካፌ» (ምርጡ ቡና) ሲሉ ቅጽሉ ከስሙ ይቀድማል፣ «ማስ» ደግሞ ጭራሽ የለም። እሺ፣ እሱን በቃሌ ያዝኩት። «ማዮር» ግን አስቸገረኝ። ለታላቅ ወንድም እንደሚሆን አውቃለሁ። መርካቶንስ ምን ልበለው? ትልቁ ገበያ ለማለት «ኤል ሜርካዶ ማስ ግራንዴ» ወይስ «ኤል ማዮር ሜርካዶ»? ሁለቱንም ሰምቻለሁ። ልዩነታቸው የቦታ ነው ወይስ የአነጋገር ደረጃ?

ሌላው ቅጽል መጨረሻ ላይ የሚቀጠለው «ኢሲሞ» ነው። እንግዶቼ የፒያሳን ቡና ሲቀምሱ «ሪኪሲሞ!» ይላሉ (እውነታቸውን ነው)። ከምንም ጋር ሳይወዳደር «እጅግ ጣፋጭ» ማለት መሆኑ ገብቶኛል። ታዲያ ከ«ሙይ ሪኮ» (በጣም ጣፋጭ) በምን ይለያል? እኔ ብለው የማጋነን ይመስልብኛል? ደግሞ «አንቲጉዎ» (ጥንታዊ) ተቀይሮ «አንቲኪሲሞ» ይሆናል። ይሄን በተራ ወሬ የሚለው ሰው አለ ወይስ የመጽሐፍ ቋንቋ ነው?

ቅዳሜ የስፔን ቡድን ይመጣብኛል። የሰዋስው ሕጉን ተዉት፤ እናንተ ብትሆኑ የምትሉትን ዓረፍተ ነገር ጻፉልኝ።