ላማችን ከጨነገፈች ወዲህ ባለቤቴን ትኩሳት አልለቅ አለው

የመራዊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው መራዊ አጠገብ፣ ቆጋ መስኖ አካባቢ ነው። የምናልባቸው ጥቂት ላሞች አሉን፤ አንዷ ድቅል ናት። እሷ ሐምሌ ላይ ሰባት ወር ከሞላት በኋላ ጨነገፈች። የእንግዴ ልጁ አልወርድ ስላለ ባለቤቴ በባዶ እጁ ጎትቶ አወጣው። እዚህ ሁሉም የሚያደርገው እንዲሁ ነው።

ከነሐሴ ወዲህ ያተኩሰዋል። ቀን ደህና ይውላል። ሲመሽ ይግላል፤ ሌሊት አንሶላው እስኪርስ ያልበዋል። ወገቡንና ጉልበቱን ይቆረጥመዋል። አገሩ ወባ ስላለበት ወባ ነው ተባለ፤ ደሙ ሲታይ የለም። የታይፎይድ መድኃኒት ሰጡት፤ ትንሽ ተሻለውና ተመለሰበት። ጎረቤት ደግሞ ምች ነው ይላል። እርሻው ቆሟል። ልጆቼ የዚያችን ላም ወተት ሳይፈላ ነው የሚጠጡት። እኔም ነፍሰ ጡር ነኝ። ከላሟ የመጣ ሊሆን ይችላል?

የእንስሳት ሐኪም፣ ቡሬ፦
እህቴ፣ በደንብ ይችላል። አንቺ የነገርሽን ሁሉ ብሩሴሎሲስን፣ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈውን በሽታ፣ ያስጠረጥራል። ላም በእርግዝናዋ መጨረሻ አካባቢ ስትጨነግፍ፣ የእንግዴ ልጁም ሲያዝባት መጀመሪያ የምናስበው እሱን ነው። ጀርሙ በእንግዴ ልጁ፣ በሽርት ውኃውና በወተቱ ይወጣል። ሰው እጁ ላይ ትንሽ ጭረት ካለችው በዚያ ይገባበታል። ምልክቱ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ስለሚመጣ ማንም ከላሟ ጋር አያያይዘውም። በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ገበሬው ከጤና ጣቢያ ጤና ጣቢያ ይንከራተታል፤ «ከብት ታረባለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ስለዚህ እሱ ራሱ ይናገር። «ላሜ ጨንግፋ የእንግዴ ልጁን በእጄ አውጥቻለሁ» ይበላቸው። ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚታዘዝለትን ምርመራ ትቀይረዋለች።

ወተቱን ከዛሬ ጀምሮ አፍሉት። የጨነገፈውን ለውሻ እንዳትጥሉ፤ ውሻም ይይዘዋል፣ በየደጁም ያዞረዋል። ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩት። አንቺ ደግሞ ላሟ ስትወልድ አጠገቧ አትድረሺ።

ነርስ ነኝ፣ ደብረ ማርቆስ፦
የሐኪሙን ሐሳብ እደግፋለሁ። በደም ምርመራ ይታወቃል። ከተገኘበት ሕክምናው ረጅም ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ተዳምሮ ዶክሲሳይክሊኑ 6 ሳምንት ይወሰዳል። ትኩሳቱ ቶሎ ስለሚለቅ ሰው «ድኛለሁ» ብሎ ያቋርጣል፤ ያኔ ያገረሽበታል። አደራ እስከ መጨረሻው ይዋጠው። እህቴ፣ አንቺም ተመርመሪ፣ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል። እርጉዝ መሆንሽን ሳትነግሪያቸው ግን ምንም መድኃኒት እንዳትወስጂ። የእሱን ክኒን እንዳትካፈዪ።

ዳንግላ፣ ከብት አርቢ፦
እኛ ያደግነው በጥሬ ወተት ነው። እርጎውስ? አይቡስ? ልጆቼ ያለ እርጎ እንጀራ አይበሉም።

የእንስሳት ሐኪም፣ ቡሬ፦
ወንድሜ፣ አይብ አሬራው በደንብ ከተጣደ ደህና ነው። እርጎ ግን መኮምጠጡ ብቻ አያስተማምንም። ወተቱን መጀመሪያ አፍላው፤ ሲበርድ ከቀድሞው እርጎ ጥቂት ጨምርበትና ይርጋ። ጣዕሙ ትንሽ ይለያል፤ ልጆች ይለምዱታል።

የመራዊዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ ይዤው እሄዳለሁ፤ እኔም እመረመራለሁ። ላሟንስ ቡሬ ገበያ ወስደን ብንገላገላትስ?

የእንስሳት ሐኪም፣ ቡሬ፦
ኧረ በፍጹም! የሚገዛትም ልጆች አሉት። መጀመሪያ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሪና የእሷም የሌሎቹም ደም ይመርመር። ከተገኘባት በመድኃኒት አትድንም፤ ከመንጋው መውጣት አለባት። እንዴት እንደምትወገድ ከባለሙያው ጋር ተነጋገሩ። እስከዚያው ለብቻዋ እሰሯት። የምታልቧት ከሆነ ከሌሎቹ በመጨረሻ እለቧት፤ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ።