የከተማው ስብሰባ ላይ መግባት እንችላለን ወይ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ካሊፎርኒያ ከመጣን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ልጆቼ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያነቡበት ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ መክፈት ሊያቆም ነው ይባላል። ከተማው ስብሰባ ላይ ነው የሚወስነው አሉኝ። እኔ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የለኝም። መግባት እችላለሁ? ስሜን ይመዘግቡታል? እንግሊዝኛዬም ሰው ፊት የሚያስወራ አይደለም። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ እናት ስለሆንኩ ነገሩ ያሳስበኛል።

መልስ፦
እህቴ፣ ትገቢያለሽ። ዜግነት የሚጠየቀው ለምርጫ ነው፣ ስብሰባ ለመቀመጥ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ብራውን አክት የሚባል በፈረንጆቹ 1953 የወጣ ሕግ አለ። የከተማ ምክር ቤትም ሆነ የካውንቲ ወይም የትምህርት ቦርድ በሩን ከፍቶ ነው መሰብሰብ ያለበት። ለመግባት ብለው ስምሽን እንድትሰጪ ሊያስገድዱሽ አይችሉም። በር ላይ የስም ወረቀት ካስቀመጡም መፈረሙ በፈቃድ እንደሆነ እዚያው ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለባቸው።

ስለ ስም ለምን እንደጠየቅሽ ገብቶኛል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ስም እየተጠራ የሚገባበትን የቀበሌ ስብሰባ ነው። የቀረ ሰው በማግስቱ ለምን ቀረህ ይባላል። እዚህ ደግሞ ማንም ና ስለማይለን አንሄድም። እኔ ራሴ 11 ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልሄድኩም።

የሄድኩት ከተቃጠልኩ በኋላ ነው። የእኛ ሰዎች ሱቅ የከፈቱበት አንድ መንገድ አለ። አንድ ቀን ጠዋት ስንመጣ ሠራተኞች የፓርኪንግ ሜትር ይተክላሉ። ማን ፈቀደ ብለን ተንጫጫን። ማታ ቤቴ ገብቼ የከተማውን ዌብሳይት ስፈትሽ አጀንዳው ከስብሰባው 72 ሰዓት በፊት ተለጥፏል፣ ልክ ሕጉ እንደሚለው። የእኛ ጉዳይ ቁጥር 9 ላይ አንድ መስመር ተኩል ሆኖ ተቀምጧል። ሜትር የሚል ቃል የለበትም፣ የመንገድ ዳር አጠቃቀም ማሻሻያ ነው የሚለው። ቪዲዮውን ከፍቼ አየሁት። ሃያ የሚሆኑ ጉዳዮች በአንድ ድምፅ አለፉ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። ያንገበገበኝ ሕግ አለመጣሳቸው ነው። በሩ ክፍት ነበር፣ የገባ የለም እንጂ።

እነዚያ በጅምላ የሚያልፉት ጉዳዮች ያሉበት ክፍል ኮንሰንት ካሌንደር ይባላል። አከራካሪ አይደለም ብለው ያሰቡትን ሁሉ እዚያ ይከቱታል። ስለዚህ አጀንዳ ስትከፍቺ መጀመሪያ እሱን አንብቢ። ያንቺ ጉዳይ እዚያ ውስጥ ከሆነ ከስብሰባው በፊት ለሲቲ ክለርክ፣ ማለት ለከተማው ፀሐፊ፣ ወይም ለሰፈርሽ ተመራጭ ጻፊና ለብቻው ወጥቶ እንዲታይ ጠይቂ። ባያወጡትም እንኳ ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት የመናገር መብት አለሽ። አጀንዳው ሥር የባለሙያዎቹ ሪፖርት ተያይዞ ይገኛል፣ ገንዘቡ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

የቤተ መጻሕፍት ሰዓት የበጀት ነገር ነው። የካሊፎርኒያ ከተሞች በጀት ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ጁላይ 1 ይጀምራል፣ ስለዚህ ዋናው ጭቅጭቅ ሜይና ጁን ላይ ነው። ከዚያ በፊት አጀንዳ ውስጥ ሳይኖር ሕዝቡ የፈለገውን በሚናገርበት በጠቅላላ አስተያየት ሰዓት ብትናገሪ ዝም ብለው ያዩሻል። ንቀት እንዳይመስልሽ። አጀንዳ ላይ በሌለ ነገር መወያየትና መወሰን ሕጉ ስለሚከለክላቸው ነው።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ ይቺን ልንገርሽ። ከሜትሩ በኋላ አንዲት እናታችን በአስተርጓሚ ሊናገሩ ተነሱ። ሦስት ደቂቃ ነው የሚሰጠው። እሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ይላሉ፣ ልጃቸው ይተረጉማል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል። ቢጫው መብራት ሲበራ ገና ሱቃቸው የት እንደሆነ እየተናገሩ ነበር። ቀዩ በራ፣ አመሰግናለሁ ተባሉ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተመልሰው ሲቀመጡ አንገቴን ደፋሁ። በኋላ ሳነብ፣ በአስተርጓሚ ለሚናገር ሰው ቢያንስ እጥፍ ጊዜ መስጠት ግዴታ ነው፣ በጆሮ ማዳመጫ እኩል የሚተረጎምበት መሣሪያ ከሌለ በስተቀር። የመንግሥት ሕግ ቁጥር 54954.3 ነው። ለሚቀጥለው ስብሰባ አትሜው ሄድኩና ለፀሐፊዋ ቀድሜ ሰጠኋት። አነበበችው፣ ሰዓቱን ስድስት ላይ አደረገችው። እኚያ እናት ጨርሰው ተቀመጡ።

ሌላ መልስ፦
ወንድሜ፣ ጥሩ ብለሃል፣ ግን ሰውን በከንቱ ተስፋ አታስቆርጥ፣ በባዶ ተስፋም አትሙላ። እነዚህ ሰዎች እኮ ቀድመው ተነጋግረው ጨርሰው ነው የሚመጡት።

መልስ፦
አንዳንዴ እንደዚያ ነው፣ አልክድም። ግን እሱም ክልክል ነው። አብላጫው አባል ከስብሰባ ውጭ አንዱ ለአንዱ እየደወለ ቢስማማ እንደ ስውር ስብሰባ ይቆጠራል። ከ2021 ጀምሮ አንዱ አባል በሥልጣናቸው ሥር ስላለ ጉዳይ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የጻፈውን ሌላው ላይክ ማድረግ እንኳ አይችልም። ሰው ካላየ ምን እንደሚሆን ደግሞ ቤልን ተመልከት። ሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለች፣ ስደተኛ የሚበዛባት ትንሽ ከተማ ናት። 2010 ላይ ጋዜጠኞች ሲያጣሩ ሥራ አስኪያጁ ሮበርት ሪዞ በዓመት ወደ 800 ሺህ ዶላር ይከፈለው ነበር። አብዛኞቹ የምክር ቤት አባላት በትርፍ ጊዜ ሥራ ወደ 100 ሺህ ይወስዱ ነበር፣ ብዙውን እምብዛም በማይሰበሰቡ ቦርዶች ስም። ሪዞ 2014 ላይ 12 ዓመት ተፈረደበት። የደሞዙ ወረቀት እኮ የሕዝብ ሰነድ ነው። ማንም ነዋሪ በጽሑፍ ቢጠይቅ ከተማው በ10 ቀን ውስጥ ሰነዱን እሰጣለሁ ወይም አልሰጥም ብሎ መመለስ አለበት።

ከሜሪላንድ፦
እኛ ጋ ያላችሁ ይህን እንዳለ እንዳትወስዱት። የሜሪላንድ ሕግ ገብቶ የማየት መብት ነው የሚሰጠው፣ የመናገር አይደለም። መናገር የሚቻለው ምክር ቤቱ ራሱ ሰዓት ሲመድብ ነው፣ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ተመዝገቡ። ሕጉን ጥሰዋል ካላችሁ ደግሞ አቤቱታ የሚቀበል ቦርድ አለ። የሚሰጠው ግን አስተያየት ነው፣ ቅጣት አይደለም።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ከፍቼ አየሁት፣ አጀንዳው ወጥቷል። ቁጥር 11 ነው፣ እውነትም ኮንሰንቱ ውስጥ ነው ያለው። የአገልግሎት ሰዓት ማስተካከያ ይላል፣ ቅዳሜ የሚለው ሪፖርቱ አራተኛ ገጽ ላይ ነው ያለው። ለክለርኩ ኢሜይል ጻፍኩ። ስብሰባው ማክሰኞ በፈረንጅ 6 ሰዓት ነው። ማስተርጎም የሚችል ካለ ይጻፍልኝ፣ መኪና አለኝ፣ ያለበት ድረስ መጥቼ እወስደዋለሁ።