ቶከን ከመግዛቴ በፊት ምን ልመርምር? (ጅማ)

ጥያቄ፦ መምህርት ከጂረን

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጅማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርት ነኝ። ሁለት ዓመት ስጥል የቆየሁት ዕቁብ በዚህ ወር ወጥቶልኝ 150,000 ብር በእጄ ይገኛል። ታናሽ ወንድሜ ከመርካቶ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በቴሌግራም በቅድመ ሽያጭ ላይ ያለ (ገና ገበያ ሳይወጣ የሚሸጥ) አንድ አዲስ ቶከን፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብ፣ እንድንገዛ ያጥብቅብኛል። «አሁን ዋጋው 0.002 ዶላር ነው፤ 1 ዶላር ሲገባ ገንዘብሽ 500 እጥፍ ይሆናል» ይለኛል። ባለፈው ቅዳሜ ገለጻ ወደሚደረግበት አዳራሽም ይዞኝ ሄዶ ነበር። ተናጋሪዎቹ ጨዋ ወጣቶች ናቸው፤ ዲጂታል ገንዘብ ስለሚመዘገብበት የጋራ መዝገብ፣ ስለ ብሎክቼይንም ብዙ አስረዱን። ሆኖም ገንዘቤን መልሼ ማውጣት ስፈልግ ቶከኑን ለማን እንደምሸጥ ስጠይቃቸው «መጀመሪያ ገበያው ይከፈት» ከማለት ያለፈ መልስ አልሰጡኝም። ሽያጩ በአሥር ቀን ውስጥ ይዘጋል ተብሏል። ወንድሜን ያለ ምክንያት «አጭበርባሪ ነው» ብዬ ማሳፈር አልፈልግም፤ ማስረጃ ይዤ ላነጋግረው ነው የምሻው። ከየት ልጀምር?

መልስ 1፦ የአዌቱ ልጅ

አዳራሹ ውስጥ የጠየቁት ጥያቄ ከሁሉም የሚቀድም ስለሆነ፣ ምርመራዎን በሙሉ በእርሱ ዙሪያ ያድርጉት። እኔ የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ፤ አንድ ሰው ኢተሪየም ወይም ቢኤንቢ በሚባሉት ብሎክቼይኖች ላይ የራሱን ቶከን ለመፍጠር ጥቂት ደቂቃና ትንሽ ክፍያ ብቻ እንደሚበቃው በሥራዬ አውቃለሁ። ስለዚህ ቶከኑ መኖሩ፣ ውብ ድረ ገጽ ያለው መሆኑም ሆነ ረጅም ነጭ ወረቀት (የፕሮጀክቱ ማብራሪያ ሰነድ) የተጻፈለት መሆኑ ስለ ዋጋው የሚነግረን ነገር የለም።

መጀመሪያ የኮንትራት አድራሻውን፣ ማለትም ቶከኑን የሚያስተዳድረው ኮድ በብሎክቼይን ላይ የሚገኝበትን መለያ፣ ይጠይቁ። በ0 እና በኤክስ ፊደል የሚጀምር ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፤ ቶከኑ በኢተሪየም ላይ ከሆነ በኢተርስካን፣ በቢኤንቢ ላይ ከሆነ በቢኤስሲስካን ድረ ገጽ ላይ ያለ ምንም ክፍያ ይፈልጉታል። አድራሻውን ሊሰጡዎት ካልፈለጉ፣ ወይም ሒሳብዎ የሚታየው በእነርሱ መተግበሪያ ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ ምርመራው እዚያው ላይ አበቃ። ዋንኮይን የተባለው በ2014 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ማጭበርበር ልክ እንዲህ ነበር፦ ሰዎች ሒሳባቸው በየጊዜው ሲያድግ በስክሪን ላይ ያዩ ነበር እንጂ ማንም በነጻ ሊፈትሸው የሚችል ብሎክቼይን ከጀርባው አልነበረም። መሪዋ ሩጃ ኢግናቶቫ በ2017 እ.ኤ.አ. ተሰውራለች፤ ከሕዝብ የተሰበሰበው ገንዘብ ደግሞ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነው።

አድራሻው ከተገኘ የባለቤቶችን ዝርዝር ይክፈቱ፤ እያንዳንዱ ዋሌት (ቶከን የሚቀመጥበት ዲጂታል ቦርሳ) ከጠቅላላው ስንት በመቶ እንደያዘ ያሳያል። አንድ ወይም ሁለት ዋሌቶች አብዛኛውን ይዘው ከተገኙና ያ ድርሻ እንዳይሸጥ በሚታወቅ ኮንትራት ውስጥ ካልተቆለፈ፣ ባለቤቶቹ በፈለጉት ቀን ሸጠው ዋጋውን ወደ ዜሮ ማውረድ ይችላሉ። ቀጥሎ የኮንትራቱ ኮድ ለሕዝብ ይፋ ተደርጎ የተረጋገጠ መሆኑን፣ ባለቤቱ እንደ ልቡ አዲስ ቶከን ማተም ይችል እንደሆነ፣ የገዢን ዋሌት መሸጥ የሚከለክል ትእዛዝም ይኖር እንደሆነ ይመልከቱ። ይህን የመጨረሻውን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. ስኩዊድ ጌም የተባለው ቶከን ከ2,800 ዶላር በላይ ደርሶ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ዜሮ ሲወርድ፣ ብዙ ገዢዎች አስቀድሞም መሸጥ ተከልክለው ነበር። ዋጋው ሲወጣ አይተው የገቡ ብዙዎች መግባት እንጂ መውጣት አልቻሉም።

ስለ 500 እጥፉ ደግሞ የቶከኑን ጠቅላላ ብዛት ይጠይቁና ያባዙት። ለምሳሌ ብዛቱ 400 ቢሊዮን ቢሆን፣ አንዱ 1 ዶላር ለመግባት የሁሉም ድምር 400 ቢሊዮን ዶላር መሆን አለበት፤ ይህ ከአገራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ምርት እጅግ ይበልጣል። የአንዱ ዋጋ ትንሽ መሆኑ ርካሽ ነው ማለት አይደለም።

መልስ 2፦ ቡና አቅራቢ

እኔ ቡና አቅራቢ ነኝ። ምርት ገበያ ስንገባ ናሙናውን የሚወስደው የእኔ ሰው አይደለም፤ ጥሬ ቡናው ከ40፣ ቅምሻው ከ60 ነጥብ ሲሰጠው እኔ እዚያ አልቀመጥም፤ ዕቃውን የሚመረምረው ሻጩ ራሱ መሆን የለበትምና። እህቴ፣ «ቶከናችን ኦዲት ተደርጓል» ካሉዎት ሪፖርቱን ከእነርሱ ድረ ገጽ ሳይሆን ከኦዲተሩ ከራሱ ገጽ ፈልገው ያንብቡ። ያም ቢሆን ኦዲት የሚመረምረው ኮዱን እንጂ የሰዎቹን ልብ አይደለም።

ይህን የምጽፈው ስለ ደረሰብኝ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ መተግበሪያ 60,000 ብር አስገብቼ ስክሪኑ ላይ 210,000 ሆኖ አየሁት። ላወጣው ስል አስቀድሜ «ግብር» እንድከፍል ተጠየቅሁ፤ ከፈልሁ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልመለሰልኝም። ወደዚያ ያስገባኝ ሰው የእኅቴ ልጅ ነበረ፤ እርሱም ተታሎ ነው። ስለዚህ ወንድምዎን እንዳያሳፍሩ መጨነቅዎ ትክክል ነው።

መልስ 3፦ የሒሳብ ባለሙያ

ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ብር ብቻ መሆኑንና በክሪፕቶ (እንደ ቶከን ባለ ዲጂታል ገንዘብ) ክፍያ መፈጸም ያልተፈቀደ መሆኑን አስታውቋል። በመሆኑም ቶከኑ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ወደ ብር የሚመልሱት በማያውቁት ሰው በኩል ነው፤ ያ ሰው የሚልክልዎት ብር ከየት እንደመጣ ማረጋገጫ አይኖርዎትም፣ ጥያቄ ቢነሳ ደግሞ የሚጠየቀው የእርስዎ ሒሳብ ነው። አዘጋጆቹ የንግድ ፈቃድ ካሳዩዎት የሥራ መስኩን ያንብቡ፤ ለሶፍትዌር ወይም ለማማከር የተሰጠ ፈቃድ ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰቢያ አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመውን የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ያውቃቸው እንደሆነ ይጠይቁ። በባንክ ያለ ተቀማጭ እስከ 100,000 ብር ድረስ መድን አለው፤ ቶከን ግን የለውም።

መምህርት ከጂረን

አመሰግናችኋለሁ። ወንድሜ ራሱ የኮንትራት አድራሻውን ጠይቆ አመጣና ትናንት ማታ አብረን ከፈትነው። ኮዱ አልተረጋገጠም፤ አንድ ዋሌት ብቻ ከጠቅላላው 91 በመቶ ይዟል። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ካየው በኋላ 20,000 ብር አስቀድሞ መክፈሉን ነገረኝ፤ ይህን አላውቅም ነበር። ቴሌግራም ላይ ስለ ዋሌቱ ሲጠይቃቸው ወዲያው ከቡድኑ አስወጡት። አሁን የሚያስጨንቀው እርሱ የጋበዛቸው አራት ጓደኞቹ ናቸው፤ ሁለቱ ገና አልከፈሉም። ነገ ከሥራ በኋላ እኛ ቤት ይመጣሉ፤ ያንኑ ገጽ ከፍተን እናሳያቸዋለን።