ደሴ ላይ ውሃ «ይፈላል እንጂ አይሞቅም»?

የጦሳ ልጅ፦ ጠዋት ሬዲዮ ላይ አንዱ ባለሙያ «ውሃ ከፈላ በኋላ 20 ደቂቃ እሳት ላይ አቆዩት» ሲል ሰማሁ። 20 ደቂቃ! ከሰሉን እሱ ሊገዛልን ነው? የፈላ ውሃ ፈልቷል። አውርዶ፣ አቀዝቅዞ መጠጣት ነው።

ቦርከና ማዶ፦ ለእናንተማ 20ም ያንሳል። ደሴ ላይ ውሃ ይፈላል እንጂ አይሞቅም።

የጦሳ ልጅ፦ «አይሞቅም»? ና እስቲ ጣትህን ንከርበት።

ቾክና ሰሌዳ፦ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ቀልድ አይደለም። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃውም ቀድሞ ይፈላል። ባሕር ጠለል ላይ 100 ዲግሪ ነው። ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ 92 አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 94 አካባቢ።

ቦርከና ማዶ፦ ሰማችሁ? በሁለት ዲግሪ እንበልጣለን!

የጦሳ ልጅ፦ ሐረጎን ወርደህ ያተረፍከው ሁለት ዲግሪ ነው? ወባውንም አብረህ ቁጠራት። ደግሞ 92 ዲግሪ በየትኛው አገር ነው «አይሞቅም» የሚባለው?

እትዬ ጀበና፦ ልጆች፣ ዲግሪውን ተዉትና ንፍሮውን ንገሩኝ። ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ባቄላው ቶሎ ይበስላል። እኔ ጋ እሳቱን ብቆሰቁስ ብቆሰቁስ ወይ ፍንክች!

ቾክና ሰሌዳ፦ እትዬ፣ አንዴ ከፈላ በኋላ መቆስቆሱ ውሃውን ይጨርሰዋል እንጂ አያሞቀውም። ትርፉ ሙቀት በእንፋሎት ይሄዳል። እሳቱን ቀነስ ያድርጉና ይክደኑት፤ በዚያው ሰዓት ይበስላል፣ ከሰሉም ይተርፍዎታል።

የሐይቁ፦ ባቄላው ያረጀ ይሆናል። አሮጌ ባቄላ ጅቡቲ ወደብ ላይ ብትቀቅለውም አይበስልም።

እትዬ ጀበና፦ ባቄላዬን አትንካብኝ! የዘንድሮ ነው፣ ከኩታበር የመጣ።

የጦሳ ልጅ፦ መምህር፣ በንፍሮ አያምልጡ። 20 ደቂቃው ልክ ነው ወይስ አይደለም?

ቾክና ሰሌዳ፦ አያስፈልግም። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ምክር አንድ ደቂቃ መንተክተክ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ደግሞ ሦስት ደቂቃ። እነ ኮሌራ እኮ 100 እስኪሞላ አይጠብቁም። 70 ዲግሪ ላይ ራሱ ብዙ አይቆዩም።

የጦሳ ልጅ፦ ሦስት! ከሦስት እስከ 20 ያለውን ከሰል ማን በላው?

ነጭ ጋውን፦ ቆይ፣ ሰውዬውን አትስቀሉት። ጤና ጣቢያ የምሰማውን ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ድስቱ ግርጌ ትንንሽ አረፋ ሲያይ «ፈላ» ብሎ ያወርዳል። ያ እኮ ውሃው ውስጥ የነበረው አየር ሲወጣ ነው። ከታች እየተነሳ ላዩን ሲገለባብጠው ነው ሰዓት የሚያዘው። «20» ያለው ለእነዚህ ሰዎች ብሎ ይሆናል።

የጦሳ ልጅ፦ እነሱ አረፋ ስላሳሳታቸው እኛ ጆንያ ከሰል እንጨርስ?

ነጭ ጋውን፦ ከሰል ከሰል ትላለህ፣ የፈላውን ውሃ ጥሬው በነበረበት ጀሪካን መልሰህ የምትገለብጠው አንተ ነህ። አተት ሲይዝህ የከሰሉን ሒሳብ ታወራርዳለህ።

የሐይቁ፦ ጨዋማ ውሃ የሚቀዳ ሰፈርስ? ማፍላት ጨው አያወጣም። እንዲያውም ውሃው ሲተን ይብስበታል።

ነጭ ጋውን፦ ስለ ጨው ማን አወራ?

የሐይቁ፦ ስለ ባቄላም ማንም አላወራም ነበር።

እትዬ ጀበና፦ እኔ አወራሁ!

ቦርከና ማዶ፦ እትዬ፣ አንድ ፕሬዠር ይግዙ። እንፋሎቱን አምቆ ደሴም ላይ ቢሆን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርስልዎታል።

የጦሳ ልጅ፦ አየህ? ደሴ ላይ ይሞቃል ማለት ነው።

ቦርከና ማዶ፦ በብረት ታፍኖ!

እትዬ ጀበና፦ ፕሬዠር ንፍሮውን ገንፎ ያደርገዋል። እንግዳ ፊት እሱን አላቀርብም።

ቦርከና ማዶ፦ ቀድመው ስለማያወርዱት ነው እትዬ።

እትዬ ጀበና፦ አሁን ደግሞ ንፍሮ መቀቀል ልታስተምረኝ ነው? እናትህን ጥራልኝ።